ጉድጓዱ፣ ግንዱና የልጄ እግር

ዘመኑ ፲፱፻፶፯ ዓ.ም. ነበር፤ ዕድሜዬ ደግሞ አርባ ሁለት። አርባ ሁለት የምለው እናቴን አምኜ ነው። አጎቴ «የተወለድከው አንበጣው ከሄደ በኋላ ነው» ይላል፤ እናቴ ግን «አንበጣው ሲመጣ አዝዬህ ነው የሮጥኩት» ትላለች። ያዘለ ያውቃልና እሷን አመንኩ። ፊደል የቆጠርኩት ጥቂት ነው፤ ሀሁን ጨርሼ አቡጊዳን ስጀምር አባቴ ለእርሻ ፈለገኝና በዚያው ቀረሁ። እዚህ ላይ የተጣመመ ነገር ብታገኙ የተጣመመው ጽሕፈቱ ነው፤ ነገሩ ቀጥ ያለ ነው።

የምኖረው ቡራዩ ነው፣ ከአምቦ መንገድ ወደ ታች ወረድ ብሎ፣ ባሕር ዛፉ ውስጥ። ልጆች አሉኝ፤ ሁሉም በደህና ይሄዳሉ። የመጨረሻዋ እልፍነሽም ትሄዳለች፤ ስምንት ዓመቷ ነበር። ጣጣው መሄዷ ላይ አይደለም፣ ሳትወድቅ መድረሷ ላይ ነው። ድንጋይ አደናቅፎት ሰው ቢወድቅ ወግ ነው፣ ማንም ይወድቃል። እሷ ግን ድንጋዩን በደህና አልፋ፣ ደልዳላው ላይ ስትደርስ ነው የምትወድቀው። ከቤት ስትወጣ ትከሻዋ የበሩን መቃን ሰላም ሳይለው አያልፍም። ውሃ ስትቀዳ ግማሹን ለመንገዱ፣ ግማሹን ለቀሚሷ ታጠጣለች፤ ለቤቱ የሚደርሰው እንስራው ነው፣ እሱም ከደረሰ። እኩዮቿ ሰኞ ማክሰኞ ሲጫወቱ በአንድ እግሯ ሰኞን ትዘላለች፣ ማክሰኞ ላይ ቁጭ! ያቺ ልጅ ዕድሜዋን ሙሉ ረቡዕ ደርሳ አታውቅም።

ጭንቅላቷን ግን አትጠይቁኝ። ወንድሟ ማታ ማታ ሲያጠና ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ስታይ ስታይ፣ ደብተሩን በግልባጩ ማንበብ ለመደች። ቀጥ አድርገን ብንሰጣት መልሳ ትገለብጠዋለች። ሚስቴ በላይነሽ «ይህች ልጅ ለእንስራ አልተፈጠረችም፣ ትማር» አለች። እኔም «ትማር» አልኩ። እኔና በላይነሽ ባንድ ቃል ስንስማማ ከኋላው መዓት እንዳለ ማወቅ ነበረብኝ።

ደግሞ የሰው አፍ አለ። «ከማን ወረሰችው?» ይላሉ። በላይነሽ በእኔ ዘር ታላክካለች፤ «አባትህስ ከፈረስ ወድቀው አይደል የሞቱት?» ትለኛለች። ስንት ጊዜ ነገርኳት! አባቴ አልወደቀም። የወደቀው ፈረሱ ነው፤ አባቴ በላዩ ስለነበረ አብሮ ወረደ እንጂ።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። ትምህርት ቤቱ ከወንዙ ማዶ ነው። ወንዝ ስላችሁ ትልቅ እንዳይመስላችሁ፤ በበጋ ዶሮ ትሻገረዋለች። ክረምት ሲገባ ግን ኮርማ ይወስዳል። ጣልያን የሠራው የድንጋይ ድልድይ ነበረበት፤ እሱንም አንድ ክረምት ጎርፍ ይዞት ሄደ። ጭቃ ሹሙ «ለበላይ አመልክቻለሁ» አለ። የበላዩ ደግሞ ለበላዩ አመለከተ፤ ማመልከቻው እስከ ዛሬ ሽቅብ እየወጣ ይሆናል። እኛ ያንን ስንጠብቅ ከወንዙ ዳር የቆመ አንድ ባሕር ዛፍ ነፋስ ገንድሶት ውሃው ላይ ተጋደመ። ማንም አልቆረጠው፣ ማንም አላጋደመው። «እግዜር ድልድይ ሰጠን» ብለን በላዩ መሄድ ጀመርን። ክብ ነው፤ ልጡ ተልጦ ልሙጥ ሆኗል፤ ጠዋት ጤዛ ሲጥልበት ሳሙና ነው። ቢሆንም ሰው ሁሉ ይሻገርበታል፤ አልፎ አልፎ የማይሻገርም አለ።

በመስከረም መጀመሪያ እልፍነሽ ትምህርት ገባች። ወንድሟ እጇን ይዞ ያሻግራት ነበር። አንድ ቀን ግን ግንዱ መሐል ላይ ስትደርስ ተንገዳገደች፣ እሱንም ይዛው ወረደች። ያወጣቸው መምህሩ ነው፣ አንዲቷን ሱፍ ልብሱን እንደለበሰ። በማግስቱ ልብሱ ሳይደርቅለት ቤቴ መጣ።

«ጋሼ፣» አለኝ ቆሞ፣ «እኔ የተቀጠርኩት ፊደል ላስተምር ነው፣ ዋና ላስተምር አይደለም። ልጅዎ ጎበዝ ናት። ግን አንድ ቀን ሬሳዋን ታቅፌ እዚህ ግቢ እንድገባ አይፍረዱብኝ።»

«ታዲያ ምን ይሁን ነው የሚሉት?»

«ከመስቀል በኋላ ባለው ሰኞ፣ ማንም ሳይዛት፣ በእግሯ ተሻግራ ከመጣች ወንበሯ አለ። ካልመጣች ለሌላ ልጅ እሰጠዋለሁ።»

«ከርሞስ?»

«ከርሞ ከርሞ ነው። ወንበር የሚጠብቀው ልጅ ከወንበሩ ይበዛል።»

«ትመጣለች!» አልኩት። እንዴት እንደምትመጣ ግን አላውቅም። የእኔ ነገር እንዲህ ነው፤ አፌ ቀድሞ ይሻገርና ጭንቅላቴ ወንዙ ዳር ይቀራል።

ሰውየው ሲሄድ እልፍነሽ ከጎታው ኋላ ብቅ አለች፤ ለካ ስትሰማ ቆይታለች። «አባባ፣ የኔ ወንበር መስኮቱ ጋ ነው» አለችኝ። «መደገፊያ አለው። ከእሱ ወድቄ አላውቅም።»

እስቲ ይህን ሰምቶ ዝም ብሎ የሚቀመጥ አባት ማን ነው?

በመጀመሪያ ሱሉልታ ሄድን፣ ወጌሻ ዘንድ። እኔ በእግሬ፣ እሷ በበቅሎ፤ ከበቅሎዋ እንዳትወድቅ በመቀነት አሰርኳት፤ በቅሎዋ በቆመች ቁጥር እኔ እቆጣለሁ፣ እሷ ትስቃለች። ወጌሻው አያ በቀለ ሁለቱንም እግሯን ሳባቸው፣ ጠመዘዛቸው፣ አነካካቸው። «ስብራት የለ፣ ወለምታ የለ። ጅማቷ ዘገምተኛ ነው» አለና ከጣቷ እስከ ጉልበቷ በቅቤ አሻት። ማሸቱንስ ይሽ፤ ግን ቅቤ የጠጣ እግር ሱሉልታ ጭቃ ላይ ሲወርድ ምን እንደሚሆን ገምቱ። ገና ከደጁ ሳትርቅ ድፍት! አያ በቀለ ሊይዛት ዘሎ እሱም ተንሸራቶ ከጎኗ ተዘረጋ። ጋቢውን እየጨመቀ ተነሣና «አየህ? ጭቃው ነው» አለኝ።

«እሷስ?» አልኩት።

«እሷማ እግሯ ነው።»

ተመለስን። ጎረቤቴ ኦቦ ዳባ እቤት ጠበቀኝ። ኦቦ ዳባ ደግ ሰው ነው፤ ምክር ሲሰጥ ብቻ አትቅረቡት። «እናንተ ሰዎች የአባት ወጉን ረሳችሁት» አለኝ። «መቆም የዘገየ ሕፃን ምን ይደረጋል? እስከ ወገቡ ጉድጓድ ተቆፍሮ ይቆምበታል። መሬት ይዞት እግሩ ይጠነክራል።»

«ያ እኮ ለአንድ ዓመት ልጅ ነው።»

«ታዲያ ለስምንት ዓመት ጠለቅ አድርገህ ቆፍረዋ!»

ቆፈርኩ። በላይነሽ «አብደሃል» አለችኝ፤ እንዲያ ስትለኝ አጠለቅሁት። እልፍነሽ ገባችበት፣ ወገቧ ድረስ። ምን ዋጋ አለው፣ ተመቻት! ክርኗን ከጉድጓዱ አፍ ላይ አስደግፋ ወንድሟን እየጠራች «ስድስት በሰባት ሲባዛ» እያለች ታፋጥጠዋለች። ከወጣች በኋላ ግን ሦስት እርምጃ ሳትሄድ ወደቀች። «ትልመደው» ብዬ ጉድጓዱን ሳልደፍነው ተውኩት።

ያን ዕለት አመሻሹ ላይ የንስሐ አባታችን አባ ገብሬ መጡ፣ ለልጅቱ ሊጸልዩላት። ጠበላቸውን በአንድ እጅ፣ ጥላቸውን በሌላው ይዘው «ሰላም ለዚህ ቤት» ሲሉ ሰማሁ። ዞር ብል ጥላው ብቻ ነው ያለው።

«በስመ አብ! ይህ ምንድን ነው?» አሉ ከመሬት ውስጥ።

«አባቴ፣ ለእግር ነው» አልኩ።

«ለማን እግር?»

«ለልጅቱ።»

«እኔን ታዲያ ምን አገባኝ?»

እልፍነሽ ሮጣ መጣች፤ ሮጣ ስል አንድ ጊዜ ብቻ ነው በመንገድ የወደቀችው። «አባ፣ ክርንዎን እዚህ ያስደግፉ፣ ከዚያ ጉልበትዎን ያስቀድሙ። እኔ እንደዚያ ነው የምወጣው» አለቻቸው። እንዳለቻቸው አደረጉ፣ ወጡ። ቁርጭምጭሚታቸው ዞሯል። ያየ የሰማ ሁሉ «አይ ይህ ጉድጓድ!» አለ። ለእኔ ቀኖና ተሰጠኝ፣ ስግደት። ስሰግድ ደግሞ ራሴን አዞረኝና ዘምሜ ግድግዳውን ገጨሁት። በላይነሽ ከምድጃው ዳር ቀና ብላ «ከማን እንደወረሰችው እግዜር አሳየ» አለች።

ቀጥሎ ሰበታ። የበላይነሽ ዘመድ «እዚያ አንድ እጁ ደግ ድሬሰር አለ» አለችን። አዲስ አበባ ወርደን፣ ከዚያ በአውቶቡስ ተጋፍተን ደረስን። ድሬሰሩ ዓይኗን አየ፣ ጆሮዋን አየ፣ ጉልበቷን በትንሽ መዶሻ መታ። «ዓይንሽን ጨፍኚና በአንድ እግርሽ ቁሚ» አላት። ቆመች። ወዲያው እሱ ላይ ወደቀች፣ እሱ ጠረጴዛው ላይ፣ ጠረጴዛው ላይ የነበረው ጠርሙስ ሁሉ መሬት ላይ። ጥጡን ከፀጉሩ እየለቀመ ነገረኝ፤

«አጥንቷ ደህና ነው፤ ዓይኗም ጆሮዋም ደህና ነው። እንዲህ ያለ ልጅ አለ፤ ሐሳቡ ፈጣን ሆኖ እግሩ ትእዛዝ የሚሰማው ዘግይቶ ነው። ስትቸኩል ይብስባታል። ሁለት ነገር ባንዴ ስትሠራ ይብስባታል። ሰው ሲያያትማ ጭራሽ ይብስባታል። ልምምድ ስጧት፣ ጊዜ ስጧት። ደግሞ አትጩኹባት።»

«መርፌውስ?» አልኩት።

«መርፌ የለውም።»

«ኪኒኑስ?»

«የለውም አልኩዎት እኮ።»

እንዴት ያለ ነገር ነው! መርፌ የማይወጋ ሐኪም ዘንድ ሰበታ ድረስ ምን አስኬደኝ? ስንመለስ እያጉረመረምኩ ነበር። ከነገረኝ ሁሉ «ልምምድ» የምትለዋን ይዤ ገባሁ፤ «አትጩኹባት» የምትለዋን አውቶቡስ ውስጥ ረሳኋት።

ከቤቴ ኋላ ሁለት የደረቁ የባሕር ዛፍ ግንዶች ነበሩኝ፣ ወፋፍራም፣ ቀጥ ያሉ፣ የተላጡ። ለአዲሱ ቤት ያዘጋጀኋቸው ናቸው። በላይነሽ ቆርቆሮ ቤት ከተመኘች ስንት ዘመኗ! ጠዋት ስትነሣ መጀመሪያ የምታያቸው እነሱን ነው፤ ከእኔ ይልቅ ለእነሱ ነው «እንዴት አደራችሁ» የምትለው። እነዚያን ሁለቱን ጎትቼ ግቢው መሐል አጋደምኳቸው፣ ጎን ለጎን አራርቄ። «ልጅቱ አንዱን ሄዳ በሌላው ትመለስ፤ ግንድ ትልመድ» አልኩ። ብልሃቴን ወደድኩት። ጢሜን ሁሉ አሻሸሁ።

ተለማመደች። ጎረቤቱ ሁሉ አጥሩ ላይ ተሰቀለ። «ወደ ፊት እይ!» ይላታል አንዱ። «ኧረ እግርሽን እይ!» ይላታል ሌላው። «እጅሽን ዘርጊ!» «ሰብስቢ!» «ሱታ፣ ሱታ፣ ኢንተላ ኮ!» ይላታል ኦቦ ዳባ፤ ቀስ በይ፣ ልጄ፣ ማለቱ ነው፤ ግን «ቀስ በይ» የሚለውን የሚናገረው በሬ በሚያስደነግጥ ድምፅ ነው። እሷ ትወድቃለች። እኔ «አልገባሽም! እንዲህ!» እላለሁ። ደግማ ትወድቃለች።

አንድ ጠዋት ግን ጋጣ ውስጥ ሆኜ ስትለማመድ አየኋት። ብቻዋን ናት። እጆቿን ዘርግታ፣ በየእርምጃው አንድ ፊደል እየጠራች፣ «ሀ... ሁ... ሂ...» አንዱን ግንድ ጨረሰች፣ ዞረች፣ ሌላውን «ለ... ሉ...» ብላ ተያያዘችው። ሳልተነፍስ አየሁ። ደስ ሲለኝ ጊዜ ብድግ ብዬ «ጎሽ የኔ ልጅ!» አልኩ። ዘጭ!

የመስቀል በዓል አለፈና እሑድ መጣ። ነገ ሰኞ ነው። ከቅዳሴ መልስ ሰው ሁሉ በወንዙ በኩል ሲያልፍ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ «ዛሬ ሁላችሁ ባላችሁበት ትሻገራለች! ነገ ሐሜት እንዳልሰማ!» አልኩ። በላይነሽ «ሰውዬ፣ ተው» አለችኝ። አልተውኩም። መምህሩም ከማዶ፣ ትምህርት ቤቱ አጥር ጋ ቆሟል፤ የደረቀ ሱፍ ለብሷል።

እልፍነሽ ግንዱ ላይ ወጣች። «ሀ...» አለች። «ሁ...» አለች። ደህና ሄደች። ከዚያ አንዱ «ወደ ፊት!» አለ፣ ሌላው «ወደ ታች!» አለ፣ ኦቦ ዳባ «ሱታ!» ብሎ አናጋው፣ ሴቶቹ እልልታ ጀመሩ፣ ያውም ሳትሻገር! መሐል ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። ፊደሉ ጠፋባት። 

«እንዲህ ነው እኮ!» ብዬ ጮህኩ። የክት ሱሪዬን እንደለበስኩ፣ የክት ጫማዬን እንዳደረግኩ ግንዱ ላይ ወጣሁና አንድ እግሬን አነሣሁ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ውሃ ነው። ኦቦ ዳባ ጋቢዬን ሊይዝ እጁን ሲዘረጋ «ያ ዋቅ!» ብሎ ፈጣሪውን እየጠራ ተከተለኝ። አባ ገብሬ መቋሚያቸውን ወደኛ ዘርግተው ነበር፤ ጉድጓዱ ትዝ ሲላቸው መለስ አድርገው መጸለዩን መረጡ። ግንዱ በእኛ ውድቀት ሲወዛወዝ እልፍነሽ በደረቷ ተኝታ በሁለት እጇ አቀፈችው።

ውሃው ደረቴ ድረስ ነው። እየገፋኝ ደረስኩና ልጄን ከግንዱ አላቅቄ ትከሻዬ ላይ አደረግኳት። ጆሮዬ ላይ አጎንብሳ፣ ቀስ ብላ «አባባ፣ የእርስዎም ጅማት ዘገምተኛ ነው?» አለችኝ።

ከዳር ሰው ይንጫጫል። «አይ ይህ ግንድ! ይህ ግንድ አንድ ቀን ሰው ይጨርሳል!» ይላሉ። አንዲት ባልቴት ሱሪዬን እየጨመቁልኝ «አይዞህ ልጄ፣ አንተ ምን ታደርግ፣ ግንዱ ነው ያዳለጠህ» አሉኝ። በዚያው ትንፋሻቸው ወደ እልፍነሽ ዞረው «እሷን ግን በቃ ተዋት፤ እግሯ ነው» አሉ።

ከማዶ መምህሩ አልጮኸም። «ጋሼ፣ ነገ ሰኞ ነው» ብቻ ብሎ አቀርቅሮ ገባ።

ልጄን ተሸክሜ፣ ጫማዬ ውስጥ ወንዙን ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ። የተናደድኩት ንዴት እስከ ዛሬ ሙቀቱ አለ። አባቴ ሲወድቅ ፈረሱ። ወጌሻው ሲወድቅ ጭቃው። ቄሱ ሲወድቁ ጉድጓዱ። እኔ ስወድቅ ግንዱ። እሷ ስትወድቅ እግሯ! ይህ ምን ዓይነት ፍርድ ነው? እንዲህ እያልኩ፣ እየተራገምኩ ግቢዬ ስገባ አንድ ነገር እግሬን ጠለፈኝና ልጄን እንደተሸከምኩ በጎኔ ወደቅሁ።

ቀና ብዬ አየሁ። ሁለቱ ግንዶቼ ናቸው። ጎን ለጎን፣ ቀጥ ብለው፣ ደርቀው፣ ተልጠው፣ ግቢዬ መሐል፣ ማንም በማይሻገረው ደረቅ መሬት ላይ ተጋድመዋል።

እልፍነሽ «አባባ፣ ተጎዱ?» አለችኝ።

«ዝም በይ» አልኳት። «እያየሁ ነው።»

ሰኞ ገና ሲነጋ በሬዎቼን ጠምጄ ግንዶቹን በጠፍር አሰርኩ። በላይነሽ ነጠላዋን እየተከናነበች ወጣች። ግንዶቹን አየች፣ እኔን አየች።

«ቤቱስ?» አለችኝ።

አቀርቅሬ የጠፍሩን ቋጠሮ ነካካሁ።  እሷም ጎንበስ አለች። የአንዱን ግንድ ጫፍ ከድንጋይ ላይ እያላቀቀች «ምን ትጎለታለህ? በሬዎቹን ንዳ እንጂ!» አለችኝ። ኦቦ ዳባም ከትናንት ወዲህ ያልደረቀ ልብሱን እንደለበሰ መጣ፤ አንዴ ባሕርዩ ነውና «ከዳር ድንጋይ ይደረግበት» ብሎ መከረ፤ የዚያን ቀን ምክሩ ልክ ነበር። ከእግዜር ግንድ ግራና ቀኝ የእኔን ሁለት ግንዶች ገጥመን፣ በጠፍር ጠፍረን፣ ባንድ በኩል እንደ አጥር መያዣ የሚሆን አጣና አቆምን። ፀሐይ ሞቅ ሲል አለቀ።

እልፍነሽ ደብተሯን ከጀርባዋ በመቀነት አስራ መጣች። ሰውም መጣ፣ መቼ ይቀራል! አንዱ አፉን ሲከፍት የመጥረቢያዬን እጀታ አሳየሁት፣ ዘጋው። እጇን አጣናው ላይ አድርጋ ጀመረች። «ሀ... ሁ... ሂ...» ውሃው ከሥር ይጮኻል፣ እኛ ዝም ብለናል። ሀሁን ጨርሳ ለሉ ላይ ስትደርስ ማዶ ወጣች። መምህሩ በሩን ከፍቶ ጠበቃት።

ከግንዱ ወረደች፣ አጣናውን ለቀቀች፣ ደልዳላው ሜዳ ላይ ጥቂት ሄደችና ወደቀች። ተነሣች። ቀሚሷን አራገፈች። ወደ ወንበሯ ሄደች።

የትናንትናዋ ባልቴት ከኋላዬ ከንፈራቸውን መጥጠው «እግሯ እኮ...» ማለት ሲጀምሩ ዞር አልኩና፣

«ሜዳው ነው!» አልኳቸው።

ከዚያ ወደ ቤት ተመለስኩ፣ አካፋዬን አነሣሁ፣ ጉድጓዱን ደፈንኩት።